ግልጽ ደብዳቤ፦ በሐረና ጅረቶች ዳር ስለምትኖረው እንቁራሪት

ይድረስ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው፤ ጉዳዬ ግን ባሌ ነው።

ባሌ ተራሮች ውስጥ፣ በሐረና ጫካና ከሱ ከፍ ብሎ ባለው የአስታ ጫካ፣ በጥቂት ጅረቶች ዳር ብቻ የምትኖር አንዲት እንቁራሪት አለች። አውራ ጣት አታክልም። ሳይንሳዊ ስሟ ኤሪካባትራከስ ባሌንሲስ ሲሆን የተሰጣት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በወገኗ (በሳይንስ «ጂነስ» በሚባለው ምድብ) ውስጥ ያለችው ዝርያ እሷ ብቻ ናት፤ የቅርብ ዘመዶቿን የሚፈልግ ሰው ኬንያና ታንዛኒያ፣ ከዚያም አልፎ ካሜሩን ድረስ መሄድ አለበት። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስቀምጧታል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደረጃ «ከዱር ጠፍቷል» የሚለው ነው።

ባሌ ሲነሳ የምንሰማው ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን ነው። ይገባቸዋል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ እኔም እንደማንኛውም ሰው ደስ ብሎኛል። ግን ቀይ ቀበሮን መጠበቅ ብቻውን ይህችን እንቁራሪት አያድናትም፤ ምክንያቱም የሷ ኑሮ ከውሃው ጥግ ያለችው እርጥብ፣ ሣርና የድንጋይ ሽበት የለበሰች ጠባብ ዳርቻ ላይ ነው። እንቁራሪት ውሃ የምታስገባው በቆዳዋ ነው፣ አየርም ከሳንባዋ ሌላ በቆዳዋ ታስገባለች፤ ዛፉ ተቆርጦ ጥላው ሲነሳ፣ ሣሩም ሲያልቅ መድረሻ የላትም። ከብት ውሃ ሊጠጣ የሚወርደውስ የት ነው? እዚያው ዳርቻ ላይ።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ባሌ መሄድ አያስፈልግም። ከእንጦጦ ጀርባ በኛ ሰፈር በሚያልፈው ጅረት፣ ከብቶቹ በአንድ መውረጃ ብቻ በሚገቡበት በኩል ሣሩ እንዳለ ነው፣ ክረምት ማታ የእንቁራሪቱ ድምፅ ሰው አያነጋግርም። ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ዳር ዳሩን እንደልብ በሚረገጥበት በኩል ግን ሣሩ ተነቅሏል፤ በየኮቴው ዱካ የደፈረሰ ውሃ ያቁራል፣ ጥቅምት ላይ ጭቃው እንደ ጡብ ይደርቃል። እዚያ አንድም ድምፅ የለም። የኛዎቹ እንቁራሪቶች ሌላ መስክ አያጡም። የባሌዋ ግን የት ትሂድ?

ጥፋቱን በአርብቶ አደሩ ላይ ማላከክ ደግሞ ልክ አይመስለኝም። ጎዳንቱ የሚሉት፣ ከብትን በየወቅቱ ከቦታ ቦታ የማዘዋወር ልማድ፣ ከፓርኩ በፊት የነበረ ነው። ከብቱ መጠጣት አለበት። ስለዚህ እንቁራሪቷ ባለችባቸው ጅረቶች አጠገብ፣ ከዳርቻው ራቅ አድርጋችሁ የውሃ ገንዳ ሥሩ። ቦታውን ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከእረኞቹ ጋር ተመካከሩበት፤ የቱ መውረጃ ቢዘጋ ማን እንደሚቸገር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሰው ያልተስማማበት አጥር በሳምንቱ ማገዶ ይሆናል።

ሌላው ቆጠራ ነው። ለትልልቆቹ እንስሳት እንደምታደርጉት፣ በየክረምቱ እነዚህን ጅረቶች የሚያይ ባለሙያ መድቡ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ አውጡት። ባትገኝም «አላገኘናትም» በሉን። እግረ መንገዳችሁንም ወደ ጅረቶቹ የሚገባ ሁሉ፣ ጎብኚም ይሁን ተመራማሪ፣ ጫማውን አጽድቶ በፀረ ተዋሲያን አጥቦ እንዲገባ አድርጉ። ኪትሪድ የተባለው የእንቁራሪት ቆዳ የሚያጠቃ ፈንገስ አገራችን ውስጥ መኖሩ ከተረጋገጠ ቆይቷል፤ በእርጥብ ጭቃም ይተላለፋል።

የምጠይቀው ብዙ በጀት የሚበላ አይመስለኝም። ለመጪው ክረምት ከነዚህ የቱን እንደምትጀምሩ፣ የማይሆን ካለም ለምን እንደማይሆን በይፋ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሱሉልታ አንድ ነዋሪ