የሴንት ሉዊሱ ፍርድ ቤት ለነድሬድ ስኮት ፈርዶላቸው ነበር

ይድረስ ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፣

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ስለምትገኘው ስለ ሴንት ሉዊስ ከተማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ይሁን እንጂ ስለ አሮጌው የካውንቲ ፍርድ ቤት የተጻፉት ሁለት ነገሮች እርማት የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ጽሑፉ ዛሬ የሚታየው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1828 ተሠርቶ እንዳለቀ፣ በባርነት የተያዘው ድሬድ ስኮትም ነፃነቱን በዚሁ ፍርድ ቤት ተነፍጎ እንደቀረ ይናገራል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም፤ ሁለተኛውማ በፍጹም ሊታለፍ የማይገባው ነው።

ከሕንፃው ልጀምር። ኦጉስት ሹቶ እና ጆን ሉካስ የተባሉ ባለርስቶች በ1816 መሬቱን ለካውንቲው የሰጡት ለዘለዓለሙ የፍርድ ቤት መቆሚያ እንዲሆን በሚል ግዴታ ነው። (ፍርድ ቤቱ በ1930 ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር ወራሾቻቸው ግዴታው ፈርሷል በማለት መሬቱን ለማስመለስ ከሰው ተረትተዋል።) በ1828 የተጠናቀቀው መጠነኛ የጡብ ቤት ሲሆን፣ ከተማዋ እያደገች በመሄዷ በ1839 በሄንሪ ሲንግልተን ንድፍ የአዲሱ ሕንፃ ሥራ ተጀመረ፤ ይኸውም መካከሉ ክብ አዳራሽ ሆኖ አራት ክንፎች በመስቀል ቅርጽ የሚወጡለት፣ መግቢያዎቹ እንደ ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ በወፋፍራም ዓምዶች የተደገፉ ነው። የቀድሞው ጡብ ቤት ለጊዜው የምሥራቁ ክንፍ ሆኖ ቆይቶ በ1851 ፈርሷል። ግንባታው ከሃያ ዓመት በላይ የወሰደ በመሆኑ ሕንፃው የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ባለሙያ ሥራ ነው ሊባል አይችልም።

ጎብኚ ሁሉ ከከተማዋ መለያ ከታላቁ የብረት ቅስት ጋር አያይዞ ፎቶ የሚያነሣው ጉልላት ደግሞ ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። አነስተኛው የመጀመሪያ ጉልላት ተነሥቶ አሁን ያለው የተተካው በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን፣ በዊልያም ረምቦልድ ንድፍ ነው። ረምቦልድ ጉልላቱን በብረት ለመሥራት ሲነሣ ጥንካሬው አጠያያቂ ሆኖበት ስለነበር፣ አምሳያውን ሠርቶ ከባድ የብረት ክምር በላዩ በመጫን ሐሳቡ እንደሚያዛልቅ አሳይቷል። የዋሽንግተኑ የካፒቶል ጉልላትም በዚያው ዘመን በብረት በመሠራት ላይ ነበር። በክቡ አዳራሽ ወለል ላይ ቆሞ ሽቅብ ለተመለከተ፣ በዓምዶች የተደገፉት ሰገነቶች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው እስከ ጉልላቱ ድረስ ይወጣሉ፤ ከፍ ብሎም ካርል ዊማር በሞተበት በ1862 የሣላቸው የታሪክ ሥዕሎች ይታያሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሬድ ስኮት እና ባለቤቱ ሃሪየት የነፃነት ክሳቸውን በሴንት ሉዊስ ያቀረቡት በኤፕሪል 1846 ነው። ድሬድን በባርነት ይዞት የነበረው የጦር ሠራዊት ሐኪም፣ ባርነት ወደተከለከለባቸው ወደ ኢሊኖይ እና ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ወስዶት ስለነበር፣ «አንድ ጊዜ ነፃ የሆነ ለዘለዓለም ነፃ ነው» የሚለው የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች የቆየ አካሄድ ከእነርሱ ጋር ነበር። በ1847 በተሰማው የመጀመሪያ ችሎት የተረቱት አንድ ምስክር የተናገረው በራሱ የሚያውቀውን ሳይሆን ከሌላ የሰማውን ሆኖ በመገኘቱ ነው። ጉዳዩ በጃንዋሪ 1850 እንደገና ሲታይ ግን፣ ሁሉም ነጭ ወንዶች የሆኑት የጁሪ (ከዜጎች ተመርጦ የሚፈርድ ጉባኤ) አባላት ባልና ሚስቱ ነፃ ናቸው ብለው ፈረዱ። ባርነት ሕጋዊ በሆነበት ግዛት፣ የሟች ንብረት ሲጣራና ዕዳ ሲከፈል ሰዎች በምሥራቁ ደጃፍ ደረጃዎች ላይ በሐራጅ ይሸጡበት በነበረ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ይህ ፍርድ መሰጠቱ እጅግ የሚያስደንቅ ነው።

ፍርዱን በ1852 የሻረው የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ጉዳዩ በአዲስ ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት በኩል አልፎ በማርች 1857 በዋሽንግተን ሲወሰን፣ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጎች ሊሆኑ አይችሉም የሚለውን አሳፋሪ ብያኔ በዳኛ ሮጀር ቴኒ ብዕር የጻፈው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የሴንት ሉዊሱን ጁሪ በዚህ መውቀስ፣ የፈረደውን ካልፈረደው ጋር መደባለቅ ነው። እነድሬድ ስኮት በመጨረሻ ነፃ የወጡትም በሜይ 26 ቀን 1857፣ ከሐኪሙ በፊት የድሬድ ጌታ የነበረው ሰው ልጅ ቴይለር ብሎው በዚሁ በሴንት ሉዊሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነፃነታቸውን ባስመዘገበ ጊዜ ነው። ድሬድ በማግሥቱ ዓመት አርፏል።

ችሎቱ የተሰማበት በምዕራቡ ክንፍ ምድር ቤት የነበረው ክፍል በኋላ መካከሉ በኮሪደር ስለተከፈለ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይገኝም። ጎብኚው «ይኸው ችሎቱ» ብሎ የሚቆምበት አዳራሽ ስለሌለ፣ የጋዜጣ ጽሑፍ ትክክለኛነት እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። ሕንፃው ከረጅም እድሳት በኋላ በሜይ 2025 ሊፍት ተገጥሞለትና አዳዲስ ኤግዚቢሽኖች ተዘጋጅተውለት ተከፍቷል፤ ጽሑፋችሁን ይዘው የሚሄዱ አንባቢዎችም እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ስለዚህ የ1850ው ፍርድ ለነድሬድ ስኮት የተሰጠ እንደነበር የሚገልጽ ማረሚያ፣ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ዓምድ ላይ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሴንት ሉዊስ