ሐረና የሰው እግር ያልረገጠው ደን አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በባሌ ተራሮች ስለሚካሄደው የሞስና የሊቨርዎርት ጥናት ያወጣችሁትን ዘገባ በሐረና ደን ውስጥ የምንኖር እኛ የሪራ መንደር ሰዎች እየተቀባበልን አንብበነዋል። አበባም እውነተኛ ሥርም ስለሌላቸው ስለ እነዚህ ደቃቅ ዕፅዋት በአገራችን ጋዜጣ መጻፉ ያስደስታል። ዘጋቢያችሁ ግን ገና ከመጀመሩ ሐረናን «የሰው እግር ያልረገጠው ደን» ብሎታል። ከጎባ ተነሥቶ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ይህንኑ ደን ሰንጥቆ ያልፋል። ዘጋቢው በየት በኩል ገብቶ ነው እኛን ሳያይ የወጣው?

ዕፅዋቱ በቅጡ አለመጠናታቸው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ፈርኖችን፣ ጥዶችንና አበባ ያላቸውን ሲይዝ፣ ሞስና ሊቨርዎርትን አላካተተም። አንድ ተክል መዝገብ ውስጥ ስላልገባ ግን አጠገቡ ሰው አልኖረም ማለት ነው?

ስሕተቱ ክብራችንን ብቻ ሳይሆን ጥናቱንም ይጎዳል። ሞስ የጭጋጉንና የዝናቡን ውሃ የሚመጠው በመላ አካሉ ነው። ዛፉ ተቆርጦ ጥላውና እርጥበቱ ሲሄድ ብዙዎቹ ሊቨርዎርቶች አይተርፉም። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰማራበት፣ የወደቀው ግንድ ለማገዶ ሲነሣ፣ በላዩ የሚበቅለውም ይለወጣል። ታዲያ ዛሬ «ሰው የሌለበት ደን» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ወደፊት የሚመጣው አጥኚ ለውጡን ከምን ጋር ያስተያየዋል? የትኛው ተረተር መቼ እንደተቃጠለ፣ የትኛው ሸለቆ በበጋ እንኳ እንደማይደርቅ የሚያውቁት የሪራ ሽማግሌዎችና እረኞች ናቸው።

ይህን የምጽፈው ሰምቼ አይደለም። አጥኚዎችን እየመራሁ ደኑ ውስጥ ውያለሁ። ናሙናው እንዳይሻግት በፕላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጌያለሁ፤ በየከረጢቱም ላይ ከፍታውን፣ የተገኘው ቅርፊት ላይ ይሁን ድንጋይ ላይ ጽፌያለሁ። መሬት ላይ የቆመ ሰው እጁ የሚደርሰው ግንዱ ላይ ነው፤ ከላይ ቅርንጫፉ ላይ የሚኖረው ሌላ ነው። ያንን ማን አወረደው? ቀፎ ለመስቀል ከልጅነቱ ጀምሮ ኮሶ ዛፍ ላይ የሚወጣው ታናሽ ወንድሜ ነው! የናሙና ሰብሳቢዎች ስም ሲዘረዘር ግን እሱም የለበት፣ እኔም የለሁበት። የተገኙትን ዝርያዎች ዝርዝር ቅጂ ልንጠይቅ ሄደንም «ይህ ለባለሙያ ነው» ተብለን ተመልሰናል። ዘገባችሁ ደግሞ የመኪናውን ሹፌር ሳይቀር ሲያመሰግን እኛን ከገዛ ደናችን አስወጣን።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደናችን ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ደኑን ጠብቁ የተባልነው እኛው ነን። እሳት ሲነሣ ቅጠል ይዘን የምንሮጠው እኛው ነን። ጠባቂ ሲፈለግ አለን፤ ሲጻፍ የለንም?

ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው ዘጋቢያችሁም ሪራ ድረስ ይምጣ፤ ንብ አናቢዎቹንና እረኞቹን በአፋን ኦሮሞ ያነጋግር። አጥኚዎቹም ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ የዝርያዎቹን ዝርዝር ቅጂ ልጆቻችን ለሚማሩበት ትምህርት ቤት ይላኩ፤ ወንድሜ ያወረደውን ሞስ ስሙን ከነሰብሳቢው ማንበብ ይገባቸዋል።

ንብ አናቢና መንገድ መሪ፣
ከሪራ፣ ባሌ