የእንጨት ዛቢያን በአንድ ዐረፍተ ነገር አትሸኙት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ እሳት አደጋ የእጅ መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው የእንጨት ዛቢያ ያላቸውን መጥረቢያዎች «ጊዜ ያለፈባቸው» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሸኝቷቸዋል። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመሣሪያ ክፍሉ በእኔ እጅ ነበር፤ ስለት የምሞርደውም ዛቢያ የምቀይረውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በዚያች ዐረፍተ ነገር ላይ ጥቂት ብል ቅር አትሰኙም ብዬ ነው።

አዲሱ የሚሻልበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ኮርኒስ የሚጎተትበትን ረጅም መንጠቆ ውሰዱ። የድሮው ዘንግ እንጨት ስለነበር ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ እንጨት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ አይጠፋም። የፋይበርግላሱ ዘንግ እዚህ ላይ ብልጫ አለው (እሱም ቢሆን ከረጠበና ከቆሸሸ አይታመንም)። በር መፈልቀቂያው ሃሊጋንም አለ። የኒውዮርክ እሳት አደጋ ባልደረባ የነበረው ሂዩ ሃሊጋን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲያወጣው ዛቢያ የሚባለውን ነገር ጨርሶ ተወውና መሣሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ብረት አደረገው። ነገር ግን ሃሊጋን ብቻውን ጠንካራ በር አይከፍትም፤ የሚመታው ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ መጥረቢያ ይፈልጋል። ያ መጥረቢያ ዛቢያ አለው፤ የእኔም ጉዳይ እሱ ነው።

ፋይበርግላስ በሙጫ የተያያዘ የብርጭቆ ክር ነው። ክሩ ሙቀት ይችላል፤ ሙጫው ግን አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መለስለስ ይጀምራል። እንጨት ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ላዩ ይከስላል፤ ከከሰለው ሥር ያለው ግን ጤነኛ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ለእኔ ዋናው ልዩነት ይህ ነው፦ ከእሳት የተመለሰ የእንጨት ዛቢያ ጉዳቱን አይደብቅም። ጥቁሩን ትፍቃለህ፣ በጥፍርህ ትጫናለህ፣ ጥልቅ ከሆነ ታወጣዋለህ። የፋይበርግላሱ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላላ ይችላል። ፀሐይም ትጎዳዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ መኪናው ጎን ላይ ታስሮ የከረመ ዛቢያ ላዩ ይሻክርና ክሩ ብቅ ብቅ ይላል፤ ጓንት ያላደረገ ሰው ማታ ሲያክክ ያድራል።

ለእንጨቱ ስከራከር ማንኛውንም እንጨት ማለቴ አይደለም። ሂኮሪ የሚባለው የአሜሪካ ጠንካራ እንጨት ለዚህ ሥራ ስም ያተረፈው ድንገተኛ ምት ስለሚችል ነው። አንዳንዱ ገዢ ነጩን ብቻ መርጦ ቀላ ያለውን ይመልሳል፤ በአሜሪካ የደን ምርቶች ላቦራቶሪ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ክብደታቸው እኩል ከሆነ ቀዩም ነጩም በጥንካሬ እኩል መሆናቸውን አሳይተዋል። እኔ የማየው የዛቢያውን ጫፍ ነው። እዚያ ላይ የእንጨቱ ዓመታዊ ቀለበቶች እንደ መስመር ይታያሉ፤ መስመሮቹ ስለቱ በሚሄድበት አቅጣጫ መሄድ አለባቸው፤ ተጋድመው ከተገኙ አልወስደውም። ቀጥዬ ዛቢያውን በርዝመቱ አየዋለሁ። መስመሩ መሃል ላይ ወደ ጎን ወጥቶ ካለቀ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው።

ይህ በደን እሳት መሣሪያ ላይ ይብሳል። ፑላስኪ የሚባለው በአንድ ወገኑ መጥረቢያ፣ በሌላው መቆፈሪያ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካዎቹ ግዛቶች በአይዳሆና በሞንታና በተነሳው ታላቅ የደን ቃጠሎ ባልደረቦቹን የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገብቶ አብዛኞቹን ካተረፈው ከኤድዋርድ ፑላስኪ ነው። ተመሳሳይ መሣሪያ ከእሱ በፊትም ነበረ፤ የተስፋፋው ግን በእሱ ነው። ሥር ሲነቀል ዛቢያው ይጠመዘዛል፤ መስመሩ የተበላሸ እንጨት ደግሞ ይህን አይችልም።

ታዲያ አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች በደማቅ ቀይ ቀለም የተለቀለቀ ዛቢያ ያላቸው መጥረቢያዎች ተገዝተው መጡልን። ሲያዩአቸው ያምራሉ። መስመሩን ማየት ስላልቻልኩ አልፈርምም ብዬ ነበር፤ «ቀለም ምን አደረገህ?» ተባልኩ። አንዱ ልምምድ ላይ ከአንገቱ ተቀነጠሰ፤ ከቀለሙ ሥር የጣት ጫፍ የሚያህል ጉጥ ተገኘ። ሰው አልተጎዳም። የቀሩትን ቀለሙን ፍቄ አየኋቸው፤ ከፊሎቹ ወደ መኪናው አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ዛቢያ ቀለም አያስፈልገውም ባይ ነኝ፤ ቀጭን የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱ የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉት፤ ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ በራሱ ሊነድ ይችላል። የእሳት አደጋ ጣቢያ ተቃጠለ እንዳይባል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሌላም ልማድ አለ፦ የላላ መጥረቢያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ማሳደር። ጠዋት ይጠብቃል፣ ሁሉም ይደሰታል። ግን ያበጠው እንጨት መስፋፊያ ስላጣ በብረቱ ዐይን (ዛቢያው በሚገባበት ቀዳዳ) ውስጥ ይጨፈለቃል፤ ሲደርቅ ከመጀመሪያው የባሰ ይላላል። ትክክለኛው መንገድ ዛቢያውን ቀጥ አድርጎ ብረቱን ወደ ታች ማንጠልጠልና ጫፉን ከላይ በእንጨት መዶሻ መምታት ነው። ላላየው ሰው እንግዳ ነገር ነው፤ ብረቱ በመውደቅ ፈንታ በዛቢያው ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፣ እንጨቱ ነው ወደ ታች የሚገባው። ሲጠብቅ አዲስ ሽብልቅ ይመታበታል። የፋይበርግላሱ ብረት በሙጫ ስለተያዘ ከላላ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚደረግለት የለም፤ ሌላ ይገዛል።

ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት ፎቶግራፍ ብረቱን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል፤ ዛቢያው ግን ከመሃል ተቆርጧል። በሚቀጥለው ጊዜ የዛቢያውን ጫፍ በቅርብ አንስታችሁ አውጡልን፤ መሣሪያ የሚገዙትም ጋዜጣችሁን ያነባሉ።

ጡረተኛ የእሳት አደጋ ሠራተኛ