መጀመሪያ በእግርህ ውረደው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስትደውል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። የገባኝ ይኼ ነው፦ ባለሁለት ጎማውን ካራቫን፣ ያንን ተጎታች ቤት፣ በፒክአፕ ጎትተህ ከደላንታ አናት ወደ በሽሎ ወንዝ ልታወርድ ነው። በዚያ ጠባብ የአፈር መንገድ። እናትህ አጠገቤ ሆና ሰምታ ዱዓ ጀምራለች። እኔም እንቅልፍ እምቢ አለኝና ይኼን እጽፍልሃለሁ።

አብሽር። ግን መኪናውን አናት ላይ አቁመህ መጀመሪያ በእግርህ ውረድ። እስከ ታች። እያንዳንዱን ኩርባ በእርምጃ ለካው። ተሳቢ መኪናው በረገጠበት አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። አንተ በሰላም ያለፍክበት ኩርባ ላይ የእሱ ጎማ ቦይ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሰፋ አድርገህ ግባ። የገደሉን ጠርዝ ግን አትመነው፤ ዝናብ ሲበላው ከላይ ደህና ይመስልና ከስሩ ባዶ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ ከመኪና ወርዶ ማየት አፍሬ ነበር። ወጣት ነኝ፣ ከኋላዬ ሌላ ሾፌር ጥሩንባውን ይነፋል። ዝም ብዬ ገባሁ። የተሳቢው ጎማ ከጠርዙ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ። ረዳቴ ሮጦ ድንጋይ ባይወትፍልኝ ዛሬ ደብዳቤ ጻፊም አይኖርም ነበር። ተቀባዩም እንደዚያው፤ እናትህን ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከላይ ሳትነሳ ከባዱን ማርሽ፣ አንደኛውን ወይም ሁለተኛውን፣ አስገባ። ሞተሩ ይያዝልህ። ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። ጫን፣ ለቀቅ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቁም፣ ጎማው ስር ታኮ አድርግ፣ በራሱ ይቀዝቅዝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው የሐረጎን ቁልቁለት በዜሮ ማርሽ የሚወርዱትን አይተሃል፤ እነሱን እንዳትሰማ። ካራቫኑ ከኋላ ይገፋሃል። ያኔ ድንገት ፍሬን ብትረግጥ ዞሮ ጎንህን ይመታሃል።

የውሃ ታንከሩን ባዶ አድርገው። ዕቃውን ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት ጫነው፤ ኋላው ከከበደ ጭራውን ያወዛውዛል።

ወደ ኋላ መመለስ ከመጣ እጅህን ከመሪው ስር ያዝ። የካራቫኑ ቂጥ ግራ እንዲሄድ ከፈለግክ እጅህን ወደ ግራ፣ ቀኝ ከፈለግክ ወደ ቀኝ። ረዳትህ በስፖኪዮ ይታይህ። ከጠፋብህ ቁም። ከካራቫኑ ቁልቁል በኩል ግን ማንም አይቁም።

አፄ ቴዎድሮስም ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ የወሰዱት በዚሁ በደላንታ፣ በሽሎን ተሻግረው ነው። በ1860 ዓ.ም.። ሰባት ቶን ገደማ ብረት፣ ሰው በጠፍር እየጎተተው። ከደብረ ታቦር ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። መድፉ የሚሄደው መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ። አንተን የሚያጣድፍህ አለቃህ ከንጉሥ አይበልጥም።

ዝናብ ከጣለ ደግሞ ነገሩ አለቀ። ያ ጥቁር አፈር ሲርስ ሳሙና ነው፤ ማርሽም ፍሬንም አይገባውም። ካራቫኑን ላይ ትተህ ድንኳን ይዘህ ውረድ። አለቃህ ቢቆጣ ይቆጣ።

ታች ኔትወርክ ላይኖር ይችላል። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ካገኘህ ቁጥሬን ስጠው፣ «ደርሷል» ይበለኝ።

እናትህ በረካውን እየቀዳች «ካራቫኑ ቢቀር ይቅር፣ እሱ ይምጣ ብለህ ጻፍ» ትላለች። ጽፌያለሁ።

አባትህ