ዳገቱን ወጥታ ሜዳ ላይ ለምታስል መኪና (ደብዳቤ ለልጄ)

ሚሚዬ፣

ስለ ዲኤክሷ፣ ስለ አሮጊቷ ቶዮታ ኮሮላ፣ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። መጀመሪያ ላይ እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ሽጪያት በላት!» እያለች ግማሹን አላሰማችኝም፣ በኋላ በረንዳ ወጥቼ ደገምኩት። ካርቡራቶሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ይቀየር ያለሽን መካኒክ ለጊዜው ተይው። ይህን ሳትጨርሺ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ።

አንቺ እንደ ዋዛ ያለፍሽው አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ እሱ ነው። «ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ሜዳው ላይ በ70 ስሄድ ትቆራርጣለች፣ ስመለስ ዳገቱ ላይ ግን ደህና ናት» አልሽ። በዚህች ቃልሽ ብቻ ግማሹ ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ። እስቲ አስቢው፤ ቤንዚን የሚገፋው ፖምፓ ደክሞ ወይ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ተደፍኖ ቤንዚን አንሷት ቢሆን ኖሮ፣ የሚብስባት ብዙ በምትጠጣበት ሰዓት ነበር፣ ማለትም በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ስትገፊ። የእሳቱን ኃይል የሚሰጠው ቦቢናም ሲደክም፣ እሳቱን የሚጭረው ካንዴላም ሲያረጅ ቶሎ የሚያጋልጣቸው ጭነት ነው። ያንቺ ግን ጭነት ሲበዛባት ትድናለች። እግርሽን ሳታንቀሳቅሺ በቋሚ ፍጥነት ስትይዣት ነው የምትታመመው።

ታዲያ በዚያን ሰዓት ብቻ የሚሠራ ምን አለ?

አለ። ዲኤክስ ሜዳ ላይ በለሰለሰ እግር ስትሄድ ካርቡራቶሩ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ከአየሩ ጋር የሚቀላቀለው ትንሽ ነው። እንዲህ የቀጠነ ቅልቅል ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚቃጠለው፣ ስለዚህ እሳቱ ቀደም ብሎ ሊጫርለት ይገባል። ይህን የሚሠራው ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ጎን ላይ የተለጠፈው ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ትንሽ ሳህን ይመስላል፣ ከካርቡራቶሩ የሚመጣ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰክቶበታል። ውስጡ ስስ ላስቲክ አለ። ሞተሩ በቱቦው አየር ሲስብ ላስቲኩ ይሳባል፣ ላስቲኩ ፑንቲናው (እየተከፈተ እሳቱን የሚያስጭረው መቆራረጫ) የተቀመጠበትን ጠፍጣፋ ብረት ትንሽ ያዞረዋል፣ እሳቱ ይቀድማል። ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገሽ ስትረግጪ ስበቱ ይደክምና ብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። በሚኒሞም፣ ነዳጅ ሳትረግጪ፣ ቆማ ስትሠራ እንደዚሁ ቦታው ላይ ነው።

ገባሽ? የሚንቀሳቀሰው ልክ እሷ በምታስልበት ሰዓት ነው።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ይቺን መኪና ከገዛኋት ጥቂት ዓመት ሳይሞላ፣ አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ ይኸው በሽታ ያዛት። ያኔ አንዱ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት፤ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳያይ «ካርቡራቶር ነው» አለኝ። እኔም አመንኩት። ሶማሌ ተራ ሄጄ፣ ተከራክሬ፣ ያገለገለ ካርቡራቶር ገዝቼ አስገጠምኩ። ያው ናት። ካንዴላ ቀየርን፣ ገመዶቹን ቀየርን፣ ያው ናት። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ስንባክን ከረምን፣ የቤት ወጪ እየነካሁ መሆኑን ለእናትሽ ሳልነግራት (አሁንም ባትነግሪያት ደስ ይለኛል)። በመጨረሻ እዚሁ ናዝሬት፣ አንቺ አዳማ በይው፣ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍቶ ያንን ብረት በጣቱ ወዲያና ወዲህ አዟዟረው። ከዚያ ከፑንቲናው የምትወጣውን የክር ያህል የምትቀጥን ሽቦ በጥፍሩ ይዞ «ይቺ ናት» አለኝ።

ሽቦዋ ከውጭ ስትታይ ምንም አልሆነችም። ላስቲኳ ደህና፣ ጫፎቿ የታሰሩ። ውስጧ ያሉት የመዳብ ክሮች ግን ብረቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስትታጠፍ ስትዘረጋ ኖራ ተበጣጥሰው ሁለት ሦስቱ ብቻ ቀርተዋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ሲዞር ፑንቲናው በሴኮንድ 100 ጊዜ ነው የሚከፈተው፣ ያ ሁሉ የሚሄደው በእነዚያ ሁለት ሦስት ክሮች ነው። ሜዳ ላይ ብረቱ ሲዞር ሽቦዋ ትወጠርና ትላቀቃለች፣ እሳት ይጠፋል፣ መኪናዋ ታስላለች። ሲያናድድሽ ጠበቅ አድርገሽ ትረግጫለሽ፣ ብረቱ ይመለሳል፣ ሽቦዋ ትገናኛለች። «ስረግጣት ይተዋታል» ያልሽው ይኼ ይመስለኛል። ያንቺው መካኒክ ደግሞ ሲረገጥ ለቀቃት ብሎ ካርቡራቶሩ ላይ ፈረደ። እሱም ያለ ምክንያት አልተሳሳተም፣ ቤንዚን ሲጨመርላት የምትድን ነው የምትመስለው። ግን ሳይፈትሽ ፈረደ።

እንግዲህ ቅዳሜ ስትመጪ እንዲህ አድርጊ። ቢሾፍቱ ሳትደርሺ ማሳል ስትጀምር ጥግ ያዢ፣ ሞተር አጥፊ፣ ያንን ቀጭን ቱቦ ከክቡ ቆርቆሮ ላይ ንቀዪ። የቱቦውን አፍ በምስማር ወይ በቡሎን ድፈኚው፣ ክፍቱን ከተውሽው ሌላ አየር ይገባና ያሳስትሻል። ከዚያ በዚያው መንገድ በዚያው 70 ንጂ። ትንሽ ቤንዚን ታባክናለች እንጂ ምንም አትሆንም። ማሳሉን ከተወች ጥፋቱ እዚያው ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ነው፣ ካርቡራቶሩን ማንም እንዳይነካው።

ካልተወች ቱቦውን መልሰሽ ሰክተሽ ሁለተኛውን ሞክሪ። በምታስልበት ሰዓት ቾኩን፣ አየሩን የሚያጠበውን መሳቢያ፣ አንድ ጣት ያህል ሳቢው። ወዲያው ከተስተካከለች ቅልቅሉ ከልክ በላይ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ወይ ከካርቡራቶሩ ሥር ባለችው ማሸጊያ በኩል አየር እየገባ ነው፣ ወይ ከቱቦዎቹ አንዱ ተሰንጥቋል፣ ወይ ቤንዚን የሚያልፍባት ቀዳዳ ቆሽሻለች። እዚህ ላይ የቦታው ነገርም አለ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ እኛ ወደ 1,700ው ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቅልቅሉ ይበልጥ ይቀጥናል። ብቻውን አያስላትም። ቀድሞ የቀጠነውን ግን ያባብሰዋል፤ ቤትሽ አካባቢ ደህና ሆና ከዱከም ወዲህ የምትጀምርሽም ለዚህ ሊሆን ይችላል። አየር መግባቱን ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የሳሙና ውሃ በካርቡራቶሩ ግርጌ ዙሪያ ቀስ አድርጎ መርጨት ነው፣ ድምፁ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው ጉዱ። አንዳንዱ በቤንዚን ይረጫል። አንቺ እንዳታደርጊው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ላስቲኩ ራሱ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ይህን ደግሞ እዚያው ሰፈርሽ ቆመሽ ታውቂዋለሽ። ሞተር ጠፍቶ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ በኩል ነቅለሽ በአፍሽ ሳቢው፣ በምላስሽ ድፈኚው። ስበቱ ከቆየ ደህና ነው። አየር ዝም ብሎ ካለፈ ተቀዷል። ጎረቤት ይስቅ ይሆናል፣ ይሳቅ።

ጋራዥ የምትገቢ ከሆነ «ሜዳ ላይ ብቻ ነው፣ ዳገት ላይ የለም፣ ቱቦውን ስነቅለው እንዲህ ሆነ» ብለሽ ንገሪያቸው። ሴት ልጅ መኪና ይዛ ስትመጣ ምንም አታውቅም የሚል ሰው አይጠፋም፣ ይቺን ሲሰማ አፉን ይዘጋል። የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊሜትር፣ የካንዴላው 0.8 መሆኑንም ጣል አድርጊበት።

ሽቦዋ ከሆነች ግን እዚያ አታሠሪያት። ያችን የያኔዋን ተበጣጣሽ ሽቦ ሽማግሌው ሲቀይርልኝ፣ ለስላሳና ብዙ ክር ያላት ካልሆነች መልሳ ትበጠሳለች ብሎኝ የተረፈችውን ቁራጭ ሰጥቶኝ ነበር፣ እስካሁን ከምስማሮቹ ጋር በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አለች። የመበየጃውን ብረት ከጎረቤት እዋሳለሁ። ክዳኑን ከፍተሽ ፎቶ አንሺልኝ፣ ብረቱ ዞሮ አንድ፣ ተመልሶ አንድ። እናትሽ «ምሳ ሳትበላ እጇን ግሪስ እንዳታስነካት» ብላለች፣ ቀድመሽ ድረሺ።

አባትሽ