የመሬት ሰነዶቻችን ላስቲክ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ጣሪያውን እንሥራ

በባንግላዴሽ በራንጋማቲና በዳካ፣ በሕንድ በትሪፑራና በሚዞራም፣ እንዲሁም በባሕር ማዶ ለምትገኙ የቻክማ ሕዝብ ልጆች ሁሉ፣

የሰነድ ቤታችን ጣሪያ በክረምቱ ዝናብ ወድቋል። ሰው አልተጎዳም፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሳጥኖቹን ተሸክመን ገዳሙ አዳራሽ አስገብተናል። መነኮሳቱ ቦታ ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን። ግን አዳራሹ ለመነኮሳት ልብስ ለሚሰጥበት ለካቲን በዓል ይፈለጋል። ከዚያ በፊት ማውጣት አለብን፤ የምናስገባበት ቤት ግን የለንም።

መዋጮው መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ደጋግመን በመጠየቃችን የሰለቻችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ደክሞናል። ቢሆንም ዝም ማለት አንችልም።

እስካሁን ሰነድ በመሰብሰብ የተሠራው ቀላል አይደለም። ራንጋማቲ ያለው የካፕታይ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያልቅ ወደ 54 ሺህ ኤከር የእርሻ መሬት ውሃ ዋጠው። ከሚታረሰው መሬታችን 40 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ወደ 100 ሺህ ሰው ተፈናቀለ፤ የራጃው፣ የንጉሣችን፣ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ሐይቁ ሥር ቀረ። ያኔ ልጆች የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል። የማን ማሳ ከማን ጋር ይዋሰን እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቃላቸውን ቀርጸናል፣ ጽፈናል፣ አስፈርመናል። ካነጋገርናቸው መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ለሄድማን፣ ማለትም ለአካባቢው አለቃ፣ የተከፈለ የጁም (ቦታ እየቀያየሩ የሚታረስ የኮረብታ ማሳ) ግብር ደረሰኝም ከየቤቱ ለቅመናል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። የጁም መሬታችን በልማድ የጋራችን ነው እንጂ የይዞታ ወረቀት የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከባንግላዴሽ ሜዳማ አካባቢዎች የመጡት ሰፋሪዎች ግን በዚያው መሬት ላይ የመንግሥት ወረቀት ተሰጣቸው። ከመንግሥት ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው የሰላም ስምምነት የመሬት ክርክሩ በኮሚሽን እንዲፈታ ቃል ገባ። የኮሚሽኑ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ በ2016 ተሻሻለ። ከ22 ሺህ በላይ ማመልከቻ ገባ። ኮሚሽኑ ፊት የሚቀርብ ገበሬ በባዶ እጁ ሊቀርብ አይገባም።

አሁን ወደ ወጪው። «ጣሪያው ሳይታደስ ስካነር ለምን ተገዛ?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። መልሳችን አጭር ነው። ጣሪያው በወደቀ ሌሊት ብዙ ወረቀት ረጥቧል፤ ቀለሙ ፈስሶ የማይነበብም አለ። ቀድመን ስካን ያደረግነው ግን አንዱም አልጠፋም፤ ቅጂው በሦስት ቦታ ተቀምጧል። ዛሬም ብንጠየቅ መጀመሪያ ስካነሩን እንገዛለን። የስካነሩም፣ የሲሚንቶውም፣ የአናጺውም ደረሰኝ ፋይሉ ውስጥ አለ። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል። የኮሚቴው አባላት አበል አይወስዱም፤ ወስደውም አያውቁም።

የሚቀረን የጣሪያው እንጨት፣ ቆርቆሮውና የአናጺው ዋጋ ነው። ግድግዳው ደህና ነው፤ ባለሙያ አይቶታል።

ዳና፣ ማለትም ምጽዋት መስጠት፣ ልጅ ሆነን የተማርነው ግዴታችን ነው። ለካቲን ሌሊቱን ሙሉ ፈትለንና ሸምነን፣ በአንድ ቀን የመነኮሳት ልብስ የምናደርስ ሕዝብ ነን። አንድ ጣሪያ አያቅተንም። ከውጭ አገር ያላችሁ ብዙ ላኩ። እዚህ ያላችሁ የአንድ ቆርቆሮ ዋጋም ይበቃል። ገንዘብ የሌለው ቀርከሃና ጉልበት ይዞ ይምጣ፤ እሱም ይመዘገባል።

ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው፤ በእጃችሁ ባለው ደረሰኝ ጀርባ ታትሟል። ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። በቢካሽ፣ በሞባይል ገንዘብ፣ የምትልኩም ደረሰኙ ላይ ወዳለው ቁጥር ብቻ ላኩ። በግለሰብ ስም የሚጠይቃችሁ ካለ አትላኩ፤ ለኮሚቴው ንገሩ። ስትልኩ ስማችሁንና መንደራችሁን ጻፉ፤ ደረሰኝ እንቆርጣለን። ደግመን እንላለን፦ የድሮው ሒሳብ፣ በኮሚቴው ስም፣ ካቲን ሳይደርስ።

የሰነድ ቤቱ ኮሚቴ