አልሽ፣ ሰማሁ

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ሁለት ዓመት ጠፍቶ «እንደምን ሰነበትሽ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አሁን ገባኝ።

ከአባቴ አርባ በኋላ ስልክሽን ማንሳት አቃተኝ። ድምፅሽን ከሰማሁ ለቅሶው እንደገና እንደሚነሳብኝ አውቅ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ። ከዚያ ደግሞ እፍረቱ ተጨመረበት። ይቅር በይኝ።

በመጨረሻ የጻፍሽልኝን ታስታውሺዋለሽ? «ኢን ላኬች። የማያ ሕዝቦች አባባል ነው፤ እኔ ሌላዋ አንቺ ነኝ ማለት ነው» ብለሽ ነበር። አልመለስኩልሽም እንጂ ከልቤ አልወጣም። ሰሞኑን ቁጭ ብዬ ቃሉን ፈታታሁት። ሜክሲኮ ውስጥ፣ ዩካታን ላይ ዛሬም በሚነገረው የማያ ቋንቋ «ኢን» የእኔ ማለት ነው። «ላክ» ባልንጀራ፣ ዘመድ። መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «ኤች» ደግሞ አንቺ። ወይም አንተ፤ እነሱ ወንድና ሴት አይለዩም። ሲገጣጠም «ዘመዴ ነሽ» ይሆናል። ያንቺኛው ትርጉም ያምራል፤ እኔ ግን ይሄኛውን ወደድኩት። እኔ አንቺን መሆን አልችልም። ዘመዴ ነሽ ማለት ግን እችላለሁ።

በዚያው ሌላ ነገር ውስጥ ገባሁ። ቺያፓስ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ቶሆላባል የሚባሉ የማያ ወገኖች አሉ። ካርሎስ ሌንከርስዶርፍ የሚባል በትውልዱ ጀርመናዊ የሆነ ሰው ለብዙ ዓመታት አብሯቸው ኖሮ ቋንቋቸውን ተማረ። መጀመሪያ ስብሰባቸው ላይ ሲቀመጥ ምንም አልገባውም። ጆሮው ላይ የቀረችው «ቲክ፣ ቲክ» የምትል ድምፅ ብቻ ነበረች። ለካ «እኛ» ማለት ናት።

አንድ ጊዜ ወጣቶቹ የከተማ ተማሪ እንዴት እንደሚፈተን ማየት ፈለጉና ፈተና ስጠን አሉት። ጥያቄውን ነገራቸው። ወዲያው ሁሉም ተሰባሰቡ። ተመካከሩ፣ ተስማሙና አንድ መልስ ይዘው መጡ። ዘጠነኛ ክፍል እያለን ወረቀታችንን የተቀማንበት ቀን ትዝ አለኝ። ሂሳቡ አልገባኝ ብሎ አንቺ በሹክሹክታ ስታስረጂኝ። ኩረጃ ተባለ። እኔ እስከዛሬ ያንን ሂሳብ አልረሳሁትም።

ከመካከላቸው አንድ ሰው ሲያጠፋ ደግሞ የሚሉትን ስሚ፤ «ከእኛ አንዱ በደል ሠራን»። በእኛ ሰዋስው ስህተት ነው። «አንዱ» ካልሽ «ሠራ» ነው። እነሱ ግን የአንዱን ጥፋት ሁሉም ይሸከሙታል። የእኔን ዝምታ ግን ላካፍልሽ አልፈልግም፤ እሱ የራሴ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ «ነገርኩሽ» እንላለን። ነጋሪዋ እኔ፣ አንቺ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠልሽ «ሽ» ነሽ። ቶሆላባሎች ይህንኑ ሲናገሩ «አልኩ፣ ሰማሽ» ነው የሚሉት። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሥራ። ሰሚው ካልሰማ ነገሩ ግማሽ ነው። ለቋንቋ እንኳ ሁለት ቃል አላቸው፤ አንዱ ለሚነገረው፣ አንዱ ለሚሰማው።

ይህን ሳነብ ስልኬ ውስጥ ተከማችቶ የቀረው ድምፅሽ ታወሰኝ። እሁድ ጠዋት ቡናዬን አፍልቼ፣ ያንቺን ስኒ ሳይቀር ደርድሬ ሁሉንም አዳመጥኩት። አስራ ሰባት ነው። አንዱ ላይ ምንም አላልሽም፤ የታክሲ ረዳት «ሳሪስ፣ ሳሪስ» ሲል ይሰማል፣ ከዚያ «እሺ በቃ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እሱን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

ቅዳሜ ማታ፣ በአንቺ ሰዓት ከምሽቱ ሁለት ላይ እደውላለሁ። የፋሲካው መልእክትሽ መሃል ላይ ተቆርጧል። ጎረቤትሽ የጠፋውን በግ ይዛ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ የማነው?» አለችና ቀጥ አለ። ከእሱ ጀምሪልኝ።

ያንቺው